ውሃው ሄደ፣ ሰዎቹ ቀሩ

ከቴል አቪቭ በስተምሥራቅ፣ ከፔታህ ቲክቫ ጎን፣ የባሕር ዳርቻው ሜዳ አልቆ ኮረብታው ሽቅብ በሚጀምርበት ቦታ አንድ ጉብታ አለ። አናቱ ላይ አራት ማዕዘን ምሽግ ቆሟል። ግንቡ እንዳለ ነው፤ ጣሪያ ግን የለውም፣ ውስጡም ሣር ለብሷል። ከሥሩ ሸምበቆና ባሕር ዛፍ የከበበው ውሃ ይታያል፤ በበዓል ቀን ቤተሰቦች ምግባቸውን ይዘው ጥላው ሥር ይቀመጣሉ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ለመለሰ ሰው የሮሽ ሃዓይን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ይታየዋል፦ ቀረብ ብለው አሮጌዎቹ ዝቅተኛ ቤቶች፣ ከነሱ ወዲያ ኮረብታውን የወጡት ረጃጅም ፎቆች። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ምሽጉና ከምሽጉ ሥር ስለተቀበሩት ጥንታዊ ከተሞች ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የቦታው ታሪክ ዋና ምዕራፍ ከጉብታው ማዶ፣ በእነዚያ ዝቅተኛ ቤቶች መካከል ነው የሚገኘው ብሎ ይከራከራል።

ከስሙ እንጀምር። ሮሽ ሃዓይን በዕብራይስጥ የምንጭ ራስ ማለት ነው። ከዕብራይስጡ በፊት ዓረቦች ራስ አል ዓይን ይሉት ነበር፤ ምሽጉን የሠሩት ኦቶማን ቱርኮችም ፒናር ባሺ ብለው ያንኑ ትርጉም በቋንቋቸው ደገሙት። የአማርኛ አንባቢ ደግሞ አስተርጓሚ አያሻውም፤ ራስ ያው ራስ፣ ዓይንም ያው ዓይን ነው። እኛም ውሃ ከመሬት ፈንቅሎ የሚወጣበትን ነጥብ የምንጭ ዓይን እንላለን። መንግሥታት ሲፈራረቁ ስሙ ሳይለወጥ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው መሸጋገሩ የሚነግረን ነገር አለ። ወደዚህ ስፍራ የመጣ ኃይል ሁሉ በመጀመሪያ ያየው ውሃውን ነው። ሰው በዚህ ስም ውስጥ የለም። ቦታው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲጠበቅ፣ ሲወረርና ሲቀዳ ኖሯል፤ የሚያልፉበት እንጂ የሚቀሩበት ስፍራ አልነበረም። ዛሬ የምናውቀው ከተማ የተወለደው ለጊዜው ተብለው በድንኳን የሰፈሩ ሰዎች እዚያው ሲቀሩ ነው።

የመንገዱ ጠባብ አንገት

ነገሩን ለመረዳት የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። የያርኮን ወንዝ ከዚህ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ሜዲትራኒያን ይፈስሳል። ወንዙና በዙሪያው የነበረው ረግረግ በጥንት ጊዜ ሜዳውን ለሁለት ይከፍሉት ነበር። ከግብፅ ወደ ሶርያ የሚጓዝ ነጋዴም ሆነ ሠራዊት ረግረጉን ለመሸሽ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፤ በምሥራቅ ደግሞ ኮረብታው ይገጥመዋል። በምንጩና በኮረብታው መካከል የሚቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ያንን አንገት የያዘ መንገዱን ያዘ። በጉብታው ላይ የተመሠረተችው አፌቅ በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ፈርዖን ሣልሳዊ ቱትሞስ በዘረዘራቸው ከተሞች ውስጥ የገባችው ለዚህ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሞሼ ኮኻቪ የመራው ቁፋሮ የግብፅ ሹም መኖሪያ የነበረ ሕንፃ አገኘ። በፍርስራሹ ውስጥ ከሰሜን ሶርያ ከኡጋሪት የተላከ፣ በሸክላ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፤ ጉዳዩ የስንዴ ሒሳብ ነው። ቦታው ለላኪውም ለተቀባዩም የሥራ ጣቢያ ነበረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ ነው። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ፍልስጥኤማውያን በአፌቅ፣ እስራኤላውያን በአቤንኤዘር ሰፍረው እንደተዋጉና ታቦቱ እንደተማረከ ይተርካል። ስለ ታቦተ ጽዮን ሲሰማ ያደገ ሰው ያ ጦርነት የተካሄደበት ሜዳ ዛሬ ሰዎች ለሥራ የሚመላለሱበት አውራ ጎዳና ዳር መሆኑን ሲያውቅ መደነቁ አይቀርም። ከዘመናት በኋላ ታላቁ ሄሮድስ በዚያው ጉብታ ከተማ ሠርቶ በአባቱ በአንቲጳጥሮስ ስም አንቲጳጥሪስ አላት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ወታደሮች ጳውሎስን ከኢየሩሳሌም ሌሊቱን ወደ አንቲጳጥሪስ እንዳደረሱትና በማግሥቱ ፈረሰኞቹ ወደ ቂሳርያ ሲያልፉ የቀሩት ወደ ሰፈራቸው እንደተመለሱ ይናገራል። የከተማዋን ጠባይ ከዚህ ታሪክ በተሻለ የሚያሳይ የለም፦ ሌሊት ደርሰው ጠዋት የሚለዩዋት ጣቢያ ነበረች። በ363 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳት። ስሟ በወንዙ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በዓረብኛ ወንዙ ናህር አቢ ፉጥሩስ መባሉ የአንቲጳጥሪስ ማሚቶ ነው። ኦቶማኖች በ16ኛው መቶ ዓመት ምሽጉን ሲያቆሙም ዓላማቸው ያው ነበር፤ መንገዱንና ውሃውን መጠበቅ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቃወም ይችላል። አፌቅም አንቲጳጥሪስም እውነተኛ ከተሞች ነበሩ፤ ገበያ፣ መንገድና ሕዝብ ነበራቸው፤ ታዲያ ሰው አልቀረባቸውም እንዴት ይባላል? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃም ከጉብታው ላይ ሳይሆን በሮሽ ሃዓይን ምሥራቅ ዳር ካለው ኮረብታ፣ ከኢዝቤት ሳርታ የመጣ ነው። በ1976 በተጀመረው ቁፋሮ ኮኻቪና እስራኤል ፊንከልስቴይን ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረች አነስተኛ የገበሬ መንደር አገኙ። አንድ ሰፊ ቤት ነበረ፤ በዙሪያውም የእህል ጉድጓዶች ሞልተዋል። ከጉድጓዶቹ አንዱ ውስጥ አምስት መስመር የተጫረበት የገል ስባሪ ወጣ፤ የመጨረሻው መስመር ፊደል በተራ የተቆጠረበት ነው። የግዕዝ ፊደልም ሆነ የዕብራይስጥ ፊደል ከዚያው ከጥንታዊው የከነዓን አጻጻፍ ሥር የበቀሉ ስለሆኑ፣ ያ ፊደል ቆጣሪ ለሁላችንም የሩቅ ዘመድ ነው። በዚህ ኮረብታ ላይ ያረሰ፣ እህል ያከማቸና ፊደል የቆጠረ ተራ ሰው ነበር። ነገር ግን መንደሯ ሁለት መቶ ዓመት ያህል፣ ያውም እየተቋረጠች ቆይታ ባዶ ሆነች፤ የታሪክ መጻሕፍትም የአፌቅን ጦርነት ሲያስታውሱ ነዋሪዎቿን ረሱ። ስለዚህ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። የነበረው ሰው የቦታው ባለቤት ሆኖ እንዳልተቆጠረ ነው የምለው፤ የከተሞቹም ዕድሜ የገዢዎቹን ጥቅም ተከትሎ ይነሣና ይወድቅ ነበር።

ውሃው የሄደበት መንገድ

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ጉዳዩ ከመንገዱ ወደ ውሃው ያደላል። በ1878 ከኢየሩሳሌም የመጡ አይሁዳውያን በያርኮን አጠገብ ፔታህ ቲክቫን ሲመሠርቱ ረግረጉ በወባ መታቸው፤ ጥለው ለመሄድ ተገደው በኋላ እንደገና ተመለሱ። አርሶ አደሩን የሚገድለው ያው ውሃ ግን ለኢየሩሳሌም ሕይወት ሆነ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያ አስተዳደር በምንጩ ላይ ትልቅ የፓምፕ ጣቢያ ሠርቶ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቧንቧ ውሃውን ወደ ከፍተኛዋ ከተማ መግፋት ጀመረ። ከባሕር ጠለል ብዙም ካልራቀ ሜዳ ተነሥቶ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ የሚወጣ ውሃ ነበር። በ1948ቱ ጦርነት መስመሩ ሲቋረጥ የኢየሩሳሌም ሕዝብ በጉድጓድ በተከማቸ ውሃ፣ በተመጠነ ራሽን ለመኖር ተገደደ። ምንጩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የአንድ ሩቅ ከተማ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

መንግሥቱ ሲለወጥ ውሃው በሌላ አቅጣጫ ተጓዘ። የያርኮን ምንጮች በአገሪቱ ከዳን ምንጭ ቀጥለው ሁለተኛ ሲሆኑ፣ ቀድሞ በዓመት 220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሰጡ ነበር። በ1955 የተመረቀው የያርኮን–ኔጌብ መስመር ከዚህ ትልቁን እጅ ወደ ደቡብ በረሃ ወሰደው። ኔጌብ አረንጓዴ ለበሰ፤ ያርኮን ግን ቀጠነ፣ ለብዙ ዓመታትም የቆሻሻ ውሃ መተላለፊያ ሆነ። የምንጭ ራስ የተባለው ስፍራ ምንጩን አጣ ማለት ይቻላል። እንግዲህ የአንድ ቦታ ህልውና በውሃው ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ፣ ታሪኩ በ1955 ያበቃ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በዚያው በ1955 ሮሽ ሃዓይን የራሷ የአካባቢ ምክር ቤት ያላት ሰፈር ተብላ ታወቀች። ውሃው በቧንቧ ሲሄድ ሰዎቹ በወረቀትም ጸኑ። የሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠም አጋጣሚ ነው፤ የሚያሳየን ግን ቦታዋ የቆመችበት ምሰሶ መለወጡን ነው።

ከድንኳን የተነሣች ከተማ

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? የየመን አይሁዳውያን ናቸው፤ የመን ደግሞ ለኛ እንግዳ አገር አይደለችም። በ6ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ድል ያደረገው የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ የአይሁድን እምነት የተቀበለ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ በየመን የቀሩት አይሁዳውያን ብር አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። እስራኤል ስትመሠረት ብዙዎቹ በእግር ወደ ኤደን ወረዱ፤ በሃሼድ ካምፕ ተጠልለውም አውሮፕላን ጠበቁ። ከ1948 መጨረሻ እስከ 1950 ባለው ጊዜ ወደ 49 ሺህ ሰዎች ተጓጓዙ። ዘመቻው የንስር ክንፍ ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው ከኦሪት ዘፀአት ነው። ከደረሱት ብዙዎቹ የተወሰዱት የብሪታንያ ጦር ትቶት ወደሄደው የሮሽ ሃዓይን ካምፕ ነው። ያሰፈራቸው ባለሥልጣን ቦታውን የመረጠው ዝግጁ ሰፈር ስላገኘ ነው፤ በዚያ ከተማ ይመሠረታል ብሎ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1950 በባሕር ዳርቻው ሜዳ ሳይቀር በረዶ ጣለ። ሙቅ አገር ለለመዱ፣ በድንኳን ለሚያድሩ ሰዎች ያ ክረምት ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ከብርዱ የባሰም ነበር። በስደተኞች ካምፖች ስለሚሰጠው ትምህርት የተነሣው ክርክር በዚያው ዓመት የፍሩምኪን መርማሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም አደረገ፤ ኮሚሽኑም የሕፃናት የጆሮ ግንድ ጸጉር መቆረጡን ጨምሮ ሃይማኖታዊ ልማዳቸው መደፈሩን አረጋገጠ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ታመዋል ተብለው ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ሕፃናት ሞቱ ተባለ፤ ብዙ ወላጆች ግን አስከሬንም መቃብርም አላዩም። ሮሽ ሃዓይን ይህ ሐዘን በጣም ከጠናባቸው ካምፖች አንዷ ናት። ሦስት መርማሪ ኮሚሽኖች በየተራ ተቋቋሙ፤ በ2001 ሥራውን የጨረሰው የመጨረሻው አብዛኞቹ ልጆች መሞታቸውን፣ የተደራጀ አፈና ለመኖሩ ማስረጃ አለመገኘቱን፣ የጥቂት ደርዘን ልጆች ዕጣ ግን አለመታወቁን ገለጸ። በ2016 የመንግሥት መዛግብት ለሕዝብ ተከፈቱ፤ በ2021 መንግሥት ሐዘኑን ገልጾ 162 ሚሊዮን ሼቄል ለካሣ መደበ። ብዙ ቤተሰቦች ይህ በቂ አይደለም ይላሉ። ሐዘኑ ገና አልተዘጋም።

እንዲህ ያለ በደል የደረሰበት ሰው ሸሽቶ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም። ብዙዎቹ ግን ቀሩ። ካምፑ ማዓባራ፣ ማለትም የመሸጋገሪያ ሰፈር ሆነ፤ ድንኳኑ በቆርቆሮና በእንጨት፣ ያም ቀስ በቀስ በግንብ ተተካ። ሰዎቹ በፔታህ ቲክቫ የብርቱካን እርሻዎች፣ በግንባታና በሰው ቤት የቀን ሥራ ሠሩ። ምኩራቦቻቸውን እንደየመጡበት አካባቢና እንደየሥርዓታቸው አቆሙ። ኦሪት ሲነበብ ከዕብራይስጡ ቀጥሎ የአራማይኩን ትርጉም በቃል የሚያሰማ ልጅ ዛሬም በየመናውያን ምኩራብ ይቆማል፤ ቄሶች ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲተረጉሙ የሰማ የቤተ እስራኤል ልጅ ይህ ለምን እንደሚደረግ ማስረዳት አያስፈልገውም። በማዕዱም ዝምድና አለ። ሒልቤ የሚሉት ማባያ የኛው አብሽ ነው፤ ላሑሕ የሚባለው ቂጣ ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን የሞላው ነው። እነዚህ ዝርዝሮች ለጌጥ የተጠቀሱ አይደሉም። ሰው በምኩራቡ፣ በዘመዱ ጉርብትናና በማዕዱ ሥር ሲሰድ ጊዜያዊው ሰፈር ጊዜያዊ መሆኑ ያበቃል።

ሊነሡ የሚገቡ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፦ ሰዎቹን ያሰፈራቸውም፣ ቤት የሠራላቸውም መንግሥት ነው፤ መቅረታቸውን እንደ ምርጫ መቁጠር ማጋነን ነው የሚል ነው። ድሃ ስደተኛ ምርጫው ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ወቅት የየመን አይሁዳውያን በዓይን ሼመር፣ በአትሊትና በቤት ሊድ ካምፖችም ሰፍረው ነበር። ሕዝቡ ያው፣ ድንኳኑ ያው፣ አስተዳደሩም ያው። እነዚያ ካምፖች ተዘግተው ነዋሪዎቻቸው ተበተኑ፤ ሮሽ ሃዓይን ግን ከተማ ሆነች። ለዚህ ቅርበቷ ረድቷታል ቢባል እስማማለሁ፤ ፔታህ ቲክቫ ሥራ ነበራት፣ ቴል አቪቭም ሩቅ አልነበረችም። ሆኖም ምቹ አቀማመጥ በዚህ ቦታ ከቱትሞስ ዘመን ጀምሮ ነበረ፤ ብቻውን ያስገኘው ጣቢያና ምሽግ ነው። መንግሥት ቦታ ሊሰጥ ይችላል፤ ቦታውን የልጅ ልጅ አገር የሚያደርገው ግን እዚያ ማግባት፣ መውለድ፣ መቅበርና ምክር ቤት መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ታሪኩን ከ1949 ድንኳኖች መጀመር ከዚያ በፊት የነበሩትን መሰረዝ አይሆንም? ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው ኮረብታ ላይ መጅደል ያባ፣ በሌላ ስሟ መጅደል ሳዲቅ የምትባል የዓረብ መንደር ነበረች። በ1945 የነዋሪዎቿ ቁጥር 1,520 ተብሎ ተመዝግቧል። በጁላይ 1948 ጦርነት ተይዛ ሕዝቧ ተሰደደ። ሳዲቅ በአንድ ወቅት ግንቡን የያዘ ሼኽ ስም ነው፤ ዛሬ ፍርስራሹ በዕብራይስጥ ሚግዳል ጼዴቅ፣ የጽድቅ ግንብ ይባላል። የሼኹ ስም በድምፅ ተመሳሳይነት ብቻ ከቃሉ ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እነሱን ለመርሳት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ለማስታወስ ያስገድዳል። የቦታ ታሪክ የሚጀምረው ከኖሩበት ሰዎች ነው ካልን፣ የኖሩትን ሁሉ መቁጠር አለብን፤ የኢዝቤት ሳርታን ፊደል ቆጣሪ፣ የመጅደል ያባን ገበሬና የድንኳኑን እናት። አንዱን ለማክበር ሌላውን መሰረዝ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ሮሽ ሃዓይን ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት ናት፤ በ1994 የከተማ ማዕረግ አግኝታለች፤ በኮረብታው ላይ ያሉት አዳዲስ ሰፈሮች ነዋሪዎች አብዛኞቹ ከድንኳኑ ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ታዲያ ያለፈውን መቆስቆስ ምን ይጠቅማል? መልሱ ቀላል ነው። የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ የሚገዛው ቤት በባዶ ሜዳ ላይ አልተሠራም። ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱና ምክር ቤቱ ከእሱ በፊት ሰዎች ስለቀሩ ነው የኖሩት። ይህን የማያውቅ አዲስ ነዋሪ ከተማዋን እንደ ጥንቱ መንገደኛ፣ እንደ ማደሪያ ጣቢያ ብቻ ያያታል።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። ከዘመቻ ሙሴና በ1991 በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ወደ እስራኤል ካመጣው ዘመቻ ሰሎሞን በኋላ ብዙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በካራቫን ሰፈሮች ኖረዋል። በአኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ሃማቶስ፣ በቤርሳቤህ አጠገብ ናሃል ቤቃ ይጠቀሳሉ። እነዚያ ካራቫኖች ተነሥተዋል፤ ሰዎቹም በየከተማው ተበትነዋል። በጎንደር አካባቢ ወለቃና አምቦበርም የቤተ እስራኤል ድምፅ ጸጥ ብሏል። ሰው ያልቀረባቸው ቦታዎች ታሪካቸው የሚቀረው በሚያስታውሳቸው አንደበትና ብዕር ብቻ ነው። የሮሽ ሃዓይን ሰዎች ያስተማሩን ይህን ነው። መዛግብቱ በ2016 የተከፈቱት ወላጆች፣ በኋላም ልጆችና የልጅ ልጆች የደረሰባቸውን ለስድሳ ዓመት ሳይታክቱ ስለተናገሩ ነው። የቤተ እስራኤል በዓል ስግድም በ2008 በሕግ የአገር በዓል የሆነው የያዙት ሰዎች ስላልጣሉት ነው። የካራቫኑን ዘመን የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች ገና በመካከላችን ሳሉ፣ በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው መሥመር ማን ይኖር እንደነበር፣ የት ይጸለይ፣ ማን ይታከም፣ ማን ይቀበር እንደነበር መመዝገብ የዛሬ ሥራ ነው።

ምሽጉ ጎብኚ አያጣም፤ ግንቡም ጠባቂ አለው። ከማዶ ባሉት ዝቅተኛ ቤቶች ግን ድንኳኑን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ነው። ሦስት ቋንቋዎች ይህን ስፍራ የምንጭ ራስ ብለው ሲጠሩ ያሰቡት ከመሬት የሚፈልቀውን ውሃ ነበር። የዚያ ውሃ ትልቁ እጅ ወደ ሌላ አካባቢ ተወሰደ። ሳይሄድ የቀረው፣ ለከተማዋም ምንጭ የሆናት፣ በሰንበት በእነዚያ ትናንሽ ምኩራቦች የሚሰማው የሽማግሌና የልጅ ድምፅ ነው።